ቆላ ለመውረድ ቢላ የምትገዙ ሁሉ... ስለቱን ብቻ አትዩ!

ለመሆኑ ቢላ ለመግዛት ምክር ያስፈልጋል እንዴ? "ገበያ ወጥቶ አንዱን ማንሳት ነው እንጂ ምን ወሬ ያስፈልገዋል!" የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን የምታዘበው ሌላ ነው። ጫማ ለመግዛት መርካቶን ከዳር እስከ ዳር የሚያስስ፣ ሱሪ ለመግዛት አምስት ሱቅ ገብቶ የሚወጣ የከተማ ልጅ፣ ቢላ ላይ ሲደርስ ያብለጨለጨውን አንስቶ፣ ከፍሎ ውልቅ ይላል። መጥፎ ጫማ ቢበዛ ተረከዝ ይልጣል፤ መጥፎ ቢላ ግን ጣት ይወስዳል። ሲብስም ሰው ይወስዳል። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ስለ ቢላ እንጫወት።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማው ወጣት አሁን አሁን ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ቦርሳ አዝሎ ተራራ መውጣት፣ ድንኳን ተክሎ ማደር ለምዷል። ዘመድ ያለውም ለሠርግ፣ ለዓመት በዓል ወደ አገር ቤት ብቅ ይላል። እኔም ዘመዶቼ ሸዋ ሮቢት ስለሆኑና እግሬ ከዚያ ስለማይጠፋ "ለቆላ ምን ዓይነት ቢላ ልያዝ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዱ "የአደን ቢላ" ተብሎ የተሸጠለትን፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የተሸረከተ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ከቦርሳው መዝዞ አሳየኝ። ሌላዋ ብርቱካን ከመላጥ የማያልፍ ሰንጢ ይዛ "ይበቃኛል አይደል?" አለችኝ። ለሁለቱም የሰጠኋቸው መልስ አንድ ነው፤ አይሆንም! ለምን? ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ አገሩን እንወቀው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ስትሻገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጋቢ ያምራችኋል። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጋቢው ይቅርና ሸሚዙም ይከብዳችኋል። ማሾው፣ ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ ማንጎው የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ይህ ነው። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች በዚሁ አልፈው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ወደ ምሥራቅ ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ግራሩ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየባሰ፣ አገሩ ወደ አፋር ሜዳ ይዘረጋል።

አገሩ የመገናኛ አገር ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በገበያ ይገናኛል። የእሁዱን የሰንበቴ ገበያና ከፍ ብሎ የሰኞውን የባቲ ገበያ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ድሮም እንዲሁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ በአፋር በረሃ አቋርጦ ሸቀጡን የሚያራግፈው ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ መልዕክተኛ ሃሪስም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰውየው ራሱ የታወቀ አዳኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ታሪክ ልነግራችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ቢላ የሚመረጠው እንደ አገሩ ነው። ቆላ ማለት ላብ ነው፣ አቧራ ነው፣ እሾህ ነው። ላብ ብረት ያዝጋል። አቧራ በሚታጠፍ ቢላ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። እሾህ ደግሞ ስስ ስለት ያንቀራጭጫል። ደጋ ላይ "አሪፍ" የተባለ ቢላ ቆላ ሲወርድ "ፋራ" ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

"የአደን ቢላ" እና እውነቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "የአደን ቢላ" ሲባል ወጣቱ ልቡ ይነሳል። በድሮው ዘመን አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የገደለ ሰው ይፎክር፣ ይሸለም፣ ይፈራ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። "አንዲት ሚዳቋ ብትሞት ማን ያያል?" የሚል ካለ ምክሬን እዚህ ላይ ያቁም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይ የሳላ መንጋ ሲሮጥ ያየ ሰው እንኳን ቢላ ድንጋይም ማንሳት አያምረውም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈቃድ ያለው አዳኝም ቢሆን በቢላ አይገድልም። ቢላው የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ቆዳ ለመግፈፍ፣ ሆድ ዕቃ ለማውጣት፣ ከመገጣጠሚያ ለመበለት፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ እንጨት ለመሰንጠቅ። በይፋት ቆላ ይህ ሥራ በየዕለቱ ያለ ነው፤ ልዩነቱ እንስሳው ከጫካ ሳይሆን ከበረት መምጣቱ ብቻ ነው። ፍየል ያርዳሉ፣ ይገፍፋሉ፣ ይበልታሉ። ስለዚህ "ጥሩ የአደን ቢላ የቱ ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ አጭሩ መልስ "አንድ ፍየል ሳይሞረድ፣ እጅ ሳያደክም፣ ሳያዳልጥ ገፍፎ የሚጨርስ" ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለፎቶ ነው።

ጊሌ፣ ካራ፣ ጩቤ፣ ሰንጢ

ገበያ ስትወጡ የምታገኙት ብዙ ዓይነት ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ጊሌ፦ የአፋር ወንድ ወገቡ ላይ ከፊት ለፊት አግድም የሚታጠቀው ቆልመም ያለና በሁለቱም ወገን ስለት ያለው ነው። አፎቱ በቆዳ የተለበጠ እንጨት፣ ጌጡ ብዙ ጊዜ ነሐስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 34 አዋሽን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ የተጓዘው እንግሊዛዊ አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በመንገዱ ሁሉ ያየው ይህንኑ ነበር። ጊሌ ለባለቤቱ ጌጥም፣ ክብርም፣ መሣሪያም ነው። ለእኔና ለእናንተ ግን አይሆንም። ሁለት ስለት ያለው ነገር ሲገፍፉበት ጀርባውን በጣት መጫን አይቻልም። ሥራውን ሳይሆን ገዢውን ይቆርጣል። ደግሞም የሰው ባህል ልብስ አይደለም፤ ታጥቆ ፎቶ ተነስቶ የሚመለሱበት ነገር አይደለም። ከወደዳችሁት ገዝታችሁ ቤታችሁ ስቀሉት።

ካራ፦ ሰፊና ረጅም፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ የዕርድ ቢላ ነው። በሬ ለሚያርድ ሰው ዓይነተኛ ነው። ለመንገደኛ ግን ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ለጥቃቅን ሥራም አይታዘዝም።

ጩቤ፦ ስሙ ራሱ ይናገራል። የተሠራው ለመውጋት ነው። መውጋት ደግሞ ሥራችን አይደለም። ይለፈን!

ሰንጢ፦ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ይረክሳል። ነገር ግን የሚታጠፍ ነገር ሁሉ በጭነት ጊዜ ሊታጠፍ ይችላል። ጉልበት ሰጥታችሁ ስትጫኑት መቆለፊያው ከከዳችሁ የሚዘጋው በራሳችሁ ጣት ላይ ነው። ስብና ደም መታጠፊያው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማፅዳቱ ጣጣ ነው፤ ቆላ ላይ በማግሥቱ ይሸታል። ሰንጢ ለሽንኩርትና ለማንጎ ይሁን።

ታዲያ የቀረው ምንድነው? የማይታጠፍ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ስለቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአዋቂ ሰው መዳፍ ስፋት ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጥ፣ ጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቢላ። ጫፉ በጣም የሾለ አይሁን፤ ሲገፍፉ ቆዳ ይበሳል፣ ሆድ ዕቃ ይቀዳል። ጫፉ ላይ በመጠኑ ወደ ላይ ጎበጥ ቢል ይመረጣል። ይኸው ነው። አያስደነግጥም፣ ለፊልምም አይሆንም። ግን ሥራ ይሠራል።

ብረቱ ከየት መጣ?

አሁን ደግሞ ዓይን ወደማያየው ነገር። ቢላ ሁለት ዓይነት ብረት አለው ብንል ብዙ አንሳሳትም። አንደኛው የማይዝገው፣ "ስቴንለስ" የምንለው ነው። ክሮም የሚባል ማዕድን ቢያንስ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ስላለበት ዝገትን ይቋቋማል። ጥሩው በጣም ጥሩ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው ግን ለስላሳ ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይተኛል። ሁለተኛው ካርቦን ያለበት ተራ ብረት ነው። ይዝጋል፣ ይጠቁራል፣ ነገር ግን በደንብ ከተሠራ ስለት ይይዛል፤ ሲደነዝም መንገድ ዳር በተገኘ ለስላሳ ድንጋይ ይሳላል።

የአገራችን ባለሙያ የሚወደው ብረት የመኪና ባሌስትራ ነው። ለምን መሰላችሁ? ባሌስትራ የጭነት መኪና ተሸክሞ እየተጎበጠ የሚመለስ ብረት ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ቶሎ አይሰበርም። ለቢላ የሚያስፈልገው ካርቦንም በውስጡ አለ። የደሴን መንገድ ስንት ዓመት ሲመላለስ የኖረ የአይሱዙ ባሌስትራ፣ ጡረታ ሲወጣ ፍየል ይገፍፋል ማለት ነው!

ብረቱ ብቻውን ግን ዋጋ የለውም፤ እሳቱ ነው ቢላ የሚያደርገው። ባለሙያው ወናፉን እየነፋ ብረቱን በከሰል ያግለዋል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፣ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ እንደገና እንደ በሰለ ቲማቲም እስኪቀላ አግሎ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ብልሁ ባለሙያ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም ሲያወጣ ያቆማል፤ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። መጀመሪያ የተነከረው እንዲጠነክር፣ ኋላ የሞቀው እንዳይሰበር። አንዱን የዘለለ ቢላ ወይ ይታጠፋል ወይ ይሰበራል።

ስለዚህ ከባለሙያ ስትገዙ "ጋሼ፣ ከምንድነው የሠሩት? ሲያገሉት የነከሩት በዘይት ነው በውሃ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚወድ ሰው ጥያቄ ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ ብረቱን እያገላበጠ ያስረዳችኋል። የሚቆጣ ከሆነ... መልሱን አገኛችሁ።

በነገራችን ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ቢላውን የምንፈልገውን ያህል ሠሪውን አንፈልግም። ብረት ቀጥቃጩን "ቡዳ ነው" እያሉ መሸሽ፣ ልጁን ላለማግባት፣ ማዕድ ላለመጋራት ሰበብ መፈለግ ብዙ ቦታ ገና አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን፣ ብረት ሠሪውንም ጭምር፣ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው የሚሸሽ ገበሬና ቢላውን የሠራለትን ሰው የሚያማ ጎረምሳ ሁለቱም ነገር አልገባቸውም። ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ሙያውን አታዋርዱ። "ይቺ ብረት ናት እንዴ?" አይባልም፤ "ትንሽ ይቀንሱልኝ ጋሼ" ይባላል።

ገበያ ላይ የሚደረግ ፈተና

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። ሻጩ ቢስቅባችሁም ግድ የላችሁም።

አንደኛ፣ ቢላውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ ከእጀታው እስከ ጫፉ እዩት። ቀጥ ብሎ ካልሄደ ሲነከር ተጣሞ ነው። ተዉት።

ሁለተኛ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በብርሃን እዩ። ስለታም ጫፍ ብርሃን አያንጸባርቅም። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ደንዝዟል ወይም ተሸራርፏል።

ሦስተኛ፣ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ በጨርቅ ጥረጉት። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ዘይቱ እዚያ ገብቶ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። የተሰነጠቀ ቢላ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

አራተኛ፣ ሻጩ ከፈቀደ በሞረድ ጠርዙን ነካ አድርጉት። ሞረዱ እንደ ሳሙና ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። በጥቂቱ ያዝ እያደረገ የሚንሸራተት ከሆነ ጥሩ ነው።

አምስተኛ፣ እጀታው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ወደ እጀታው ምን ያህል እንደሚገባ ጠይቁ። በጣም ጥሩው ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የሚደርስና በግራና ቀኝ እንጨት ወይም ቀንድ ተደርጎለት ቢያንስ በሁለት ቦታ የተበሳና የተመታ ነው። አንድ ጣት ያህል ብቻ ገብቶ በሙጫ የተያዘ ከሆነ አንድ ቀን ብረቱ ፍየሉ ላይ ይቀራል፤ እጀታው እጃችሁ ላይ። ያዙትና ነቅነቅ አድርጉት፤ ትንሽም ቢሆን ከተነቃነቀ መልሱት።

ስድስተኛ፣ እጃችሁን በውሃ አርሳችሁ ጨብጡት። ቆላ ላይ እጃችሁ ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ የለም፤ ወይ ላብ ነው፣ ወይ ደም፣ ወይ ስብ። የተወለወለ ቀንድ ያምራል፤ ሲረጥብ ግን እንደ ዓሣ ያሟልጫል። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራና በጣም ያልለሰለሰ እንጨት ይሻላል። ስለቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣት ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚያግድ ጎበጥ ያለ ነገር መኖሩንም እዩ። ሴት አንባቢዎቼ ደግሞ ለወንድ እጅ የተሠራ ወፍራም እጀታ አትግዙ፤ ጣቶቻችሁ ዙሪያውን ካልደረሱ ቢላው የእናንተ አይደለም።

አፎት የሌለው ቢላ ግማሽ ቢላ ነው

አፎቱን እንደ መጠቅለያ አትዩት። ከቢላው እኩል ምረጡት። ወፍራም ቆዳ ይሁን፤ ስለቱ በሚያርፍበት በስፌቱ በኩል ተጨማሪ ቆዳ ይግባበት፤ አለበለዚያ ስለቱ ክሩን እየቆረጠ አንድ ቀን ወደ ጭናችሁ ብቅ ይላል። ገልብጣችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት ቢላው መውደቅ የለበትም። ስትመልሱት ደግሞ አፎቱን የያዘው እጅ ከአፉ ራቅ ይበል። ብዙ ሰው የሚቆረጠው ሲያወጣ ሳይሆን ሲመልስ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቢላውን አፎቱ ውስጥ አድርጋችሁ ለወራት አታስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ይበላዋል። ቤት ስትደርሱ አውጡት፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። ደም፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ላብ፣ ሁሉም የካርቦን ብረት ጠላቶች ናቸው። "ነገ አጥበዋለሁ" ማለት ነገ ዝገት ማለት ነው።

ስለት አያያዝ

ደነዝ ቢላ ከስለታም ቢላ የበለጠ ያቆስላል። ግራ ይገባል አይደል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ስለታም ቢላ ሲነኩት ይቆርጣል፤ ደነዝ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ደግሞ ሲያመልጥ ማቆሚያ የለውም።

ለመሳል መሳያ ድንጋይ ያዙ። ድንጋዩን አርሱት። ቢላውን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ጀርባውን ቀና አድርጉ። ስፋቱ ሁለት ጣት ያህል ለሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ ከትንሿ ጣት ውፍረት ትንሽ ባነሰ መጠን ይነሳ፤ ይህ 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ስስ ቅጠል የምትቆርጡ ይመስል ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳቡ። አንዱን ወገን አሥር ጊዜ፣ ሌላውን አሥር ጊዜ። አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚስሉ ሰዎች ብልጭታ ሲያስወጡ ደስ ይላል፤ ግን ያ ብልጭታና ሙቀት ባለሙያው በእሳት የሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ስለቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ያ ቦታ ለስልሷል።

ሲቆርጣችሁ

"አይቆርጠኝም" አትበሉ። ጭናችሁ ላይ አስደግፋችሁ ምንም ነገር አትቁረጡ፤ በጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር አለ፤ እሱ ከተቆረጠ የሚቀረው ጊዜ ደቂቃ ነው። ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ከራሳችሁ ወዲያ ቁረጡ። ቢላ ሲወድቅ ዝለሉለት እንጂ ለመያዝ አትሞክሩ።

ከተቆረጣችሁ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በኃይል ተጫኑ። አሥር ደቂቃ ሙሉ፣ በየመሐሉ "ቆመ እንዴ?" እያላችሁ ሳትገልጡ። ደሙ በጨርቁ ካለፈ ሌላ ጨርቅ ደርቡ። የተፈጨ ቡና አትነስንሱ! አያቶቻችን ያደርጉት ነበር፤ ግን ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪሙም ያስቸግራል። ጣታችሁ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ ጅማት ተነክቷል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተባችሁንም አስቡ።

ከወገብ ላይ የሚወርደው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ስማቸው ይቆየንና፣ በዚያው በቆላው አገር አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንደኛው ልብስ ሰፊ፣ ሌላው የገበያ ልጅ። አንድ የሠርግ ምሽት ላይ በአንድ ቀልድ ተጋጩ። ቀልዱ ምን እንደነበር ዛሬ በትክክል የሚያስታውስ የለም። የገበያው ልጅ ወገቡ ላይ ቢላ ነበረው። "ለማስፈራራት ነው ያወጣሁት" ነው ያለው በኋላ፤ እኔም አምነዋለሁ። ልብስ ሰፊው ግን ቢላ ሲያይ እጁን ዘርግቶ ስለቱን ያዘው። ሦስት ጣቶቹ ጅማታቸው ተቆረጠ። ሽማግሌ ገብቶ ቤተሰቡ ታርቋል። የገበያው ልጅ ታስሮ ወጥቷል። የልብስ መስፊያ መኪናዋ ግን ዛሬም ሸራ ለብሳ ከበረንዳው ጥግ ቆማለች፤ በሁለት ጣት ጨርቅ መምራት አይቻልምና።

ልብ በሉ፣ ቢላው መጥፎ አልነበረም። ምናልባት ከላይ የዘረዘርኩትን ፈተና ሁሉ ያልፍ ነበር። መጥፎ የነበረው ቦታው ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የታጠቀ ሰው ሲናደድ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምላሱ ሳይሆን ወደ ወገቡ ነው። የወንጀል ሕጋችንም በባዶ እጅ ከተደረገ ጠብ ይልቅ መሣሪያ የገባበትን አክብዶ ያየዋል። "ለማስፈራራት ነው" የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ቅጣት አያስቀርም፤ የተቆረጠ ጅማትም አይቀጥልም።

ደግሞ አካባቢው የተፈተነ አካባቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ሰው ሞትና ቃጠሎ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ነበር። ያን ያሳለፈ ሰው የማያውቀው ጎረምሳ ወገቡ ላይ ስለት ሲያይ "ፋሽን ነው" ብሎ አያልፍም፤ ልቡ ይደነግጣል። በየኬላው ፍተሻ አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከታችሁ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ፣ ከሻንጣው ሥር አስቀምጡ። ስትጠየቁ ሳትደብቁ "ቢላ አለኝ፣ ለማብሰያ ነው" በሉ። ኪስ ውስጥና ወገብ ላይ ግን በፍጹም!

ሰው ቤት ስትደርሱም ለባለቤቱ አስረክቡ። "ጋሼ፣ ይህችን ያስቀምጡልኝ" ማለት እንዴት ያለ ክብር እንደሚያስገኝ ሞክሩት። ፍየል ሲታረድ ዘላችሁ አትግቡ። ይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ነው፤ ሁለቱም የየራሱን ዕርድ ነው የሚበላው። ማን እንደሚያርድ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። "ልገፍፍ እችላለሁ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጥሩ ቢላ ይዛችሁ፣ ፍየሏን ቆዳዋን ሳትበሱ ገፍፋችሁ ካስረከባችሁ፣ እመኑኝ፣ "ይህ የከተማ ልጅ እጁ ሥራ ያውቃል" ይባላል። ከዚህ የበለጠ ፉከራ የለም።

እንግዲህ ጠቅለል ላድርገው። የማይታጠፍ፣ አጭር፣ በአንድ ወገን የተሳለ። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ። እጀታው ረጥቦ የማያዳልጥ። አፎቱ ወፍራም። ሠሪው የተከበረ። ቦታው ሻንጣ ውስጥ። ይህን ካሟላችሁ ለልጅ የሚተርፍ ቢላ ይዛችኋል። ለማስፈራሪያ ከፈለጋችሁት ግን ገንዘባችሁን ለቡና አድርጉት፤ ከተቀየማችሁት ጓደኛ ጋር ጠጡበት።

እስከሚቀጥለው ቸር ያሰንብተን!